አዲስ የተወለዱ የፍየል ግልገሎችን በግቢ ውስጥ ማሳደግ፦ ከምጥ እስከ ጡት መጣል

«ፍየሌ መንታ ወልዳ አንዱ በማግስቱ፣ ሌላው በሦስተኛው ቀን ሞተብኝ፤ ምን መድኃኒት ልግዛ?» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይቀርብልኛል፤ ሌሊቱ ውርጭ በሚሆንባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ወራት ደግሞ ጠያቂው ይበዛል። ሁሉም የሚጠብቁት የመርፌ ወይም የኪኒን ስም ነው። ነገር ግን ግልገሎችን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚጨርሷቸው በዋናነት ብርድና ረሃብ ናቸው፤ እነዚህን የሚመክታቸው ደግሞ ደረቅ ጉዝጓዝ፣ በጊዜው የተጠባ እንገርና የቅርብ ክትትል ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ ከሁለት እስከ አሥር የሚደርሱ ፍየሎችን በግቢያቸው ለሚያረቡ ሰዎች፣ ሥራው በሚከናወንበት ቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ከቀጣዮቹ ሦስት ወራት የበለጠ ቦታ ይዟል፤ በዚያ ቀን የተጓደለ ነገር በኋላ አይካካስምና።

አስቀድመው የሚያዘጋጁት ዕቃ

የሚከተሉት ዕቃዎች ፍየሏ ትወልዳለች ተብሎ ከሚጠበቅበት ቀን ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ በአንድ ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ተሰብስበው መቀመጥ አለባቸው፤ ምጥ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሱቅም ፋርማሲም በተዘጋበት ሰዓት ነው።

- ንጹሕና ደረቅ ጨርቅ ወይም አሮጌ ፎጣ፣ ለአንድ ግልገል ቢያንስ ሁለት፤
- ቲንክቸር አዮዲንና እትብት የሚነከርበት ትንሽ ሲኒ ወይም ብልቃጥ፤
- አዲስ ምላጭ ወይም በፈላ ውሃ የተቀቀለ መቀስ፣ እንዲሁም ንጹሕ ክር፤
- የእጅ ጓንት፣ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ፤
- ዲጂታል ቴርሞሜትር፤
- የሕፃን ጡጦ ከትርፍ ጎማው ጋር፣ እንዲሁም መርፌው የወጣለት 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ስሪንጅ፤
- በተለምዶ ሃይላንድ የምንላቸው ባለ አንድ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙሶች፣ ሦስት ወይም አራት፤
- ትልቅ ፌስታል፣ የእጅ ባትሪና የሚንጠለጠል ትንሽ ሚዛን፤
- አንድ ጆንያ ሙሉ ደረቅ የጤፍ ወይም የስንዴ ጭድ፤
- ደብተርና እስክሪብቶ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይም የአካባቢዎ የእንስሳት ሐኪም ስልክ ቁጥር።

ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ይቅርብኝ» የሚሉት ቴርሞሜትሩን ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብባል የምመርጠው እርሱን ነው፤ ምክንያቱን በስድስተኛው ደረጃ ላይ ያገኙታል።

1. እናቲቱን ማዘጋጀት

ፍየል የምታረግዘው 150 ቀን ያህል ነው፤ ከ145 እስከ 155 ባለው ቀን ውስጥ ከወለደች ጤናማ ነው። አውራው የወጣባትን ቀን በደብተርዎ ከመዘገቡ የመውለጃዋን ሳምንት አስቀድመው ያውቁታል። ቀኑን ካላወቁት ደግሞ ግቷን ይመልከቱ፤ በመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ማጋት ትጀምራለች፣ ሊወልዳት ሲል ግቷ ይወጠራል፣ ቆዳውም ያብረቀርቃል።

ጽንሱ አብዛኛውን ክብደቱን የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው። በዚህ ጊዜ ከምትቀነጥሰው ቅጠል በተጨማሪ በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም የሚሆን የፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ድብልቅ፣ እንዲሁም ንጹሕ ውሃና የምትልሰው ጨው ያቅርቡላት። በቂ ያልተመገበች እናት ቀላል ግልገል ትወልዳለች፣ እንገሯም ያንሳል፤ ትንሽ ሰውነት ደግሞ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል።

ለመውለጃ 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ፣ ነፋስ የማይገባበትና ከሌሎቹ ፍየሎች የተከለለ ቦታ በቂ ነው። አሮጌውን ጉዝጓዝ ጠርገው አውጥተው አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ ጭድ ያልብሱት። በመንጋው መካከል የሚወለድ ግልገል ይረገጣል፣ በሌሎች ፍየሎች ይወጋል፣ አንዳንዴም ራሷ ልትወልድ የተቃረበች ፍየል ልጁን «የእኔ ነው» ብላ ትወስደዋለች፤ በዚህ ጊዜ እውነተኛዋ እናት ልጇን ትረሳለች።

2. ምጡን ሳይነኩ መከታተል

ምጥ የጀመራት ፍየል ከመንጋው ትለያለች፣ መሬቱን በእግሯ ትጭራለች፣ ትነሣለች፣ ትተኛለች፤ በጅራቷ ግራና ቀኝ ያለው ሥጋም ጎድጎድ ይላል። የእንሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ እያማጠች ሠላሳ ደቂቃ ካለፈና ምንም የሚታይ ነገር ከሌለ ሐኪም ይጥሩ። ትክክለኛው አወጣጥ ሁለት የፊት እግሮች ወደ ፊት ተዘርግተው፣ አፍንጫው በእነርሱ ላይ ተንተርሶ ነው። በሁለቱም የኋላ እግሮቹ የሚመጣ ግልገልም በሕይወት ሊወለድ ይችላል፤ ነገር ግን ጭንቅላቱ ገና ውስጥ ሳለ እትብቱ ስለሚጨመቅ መዘግየት የለበትም። አንድ እግር ብቻ፣ ጭንቅላት ብቻ ወይም ጅራት ብቻ ከታየ በጉልበት መሳብ ማሕፀኑን ይቀድዳል፤ እጅዎን ይሰብስቡና ሐኪም ይጠብቁ። መንታ ከሆነ ሁለተኛው በአብዛኛው ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይከተላል።

ማስጠንቀቂያ፦ የምጥ ውሃን፣ የእንግዴ ልጅንና በተለይም የተጨናገፈ ጽንስን ያለ ጓንት አይንኩ። ፍየሎችን የሚያስወርዱ አንዳንድ በሽታዎች ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ነፍሰ ጡር ሴቶች በዚህ ሥራ ፈጽሞ መሳተፍ የለባቸውም።

3. ትንፋሹን መክፈት

ግልገሉ መሬት እንደነካ አፍንጫውንና አፉን የሸፈነውን ቀጭን ሽፋንና ልጋግ በጨርቅ ይጥረጉ። ካልተነፈሰ ንጹሕ የጭድ አገዳ ወስደው አፍንጫው ቀዳዳ ውስጥ በቀስታ ይኮርኩሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ያነጥሰውና ይተነፍሳል። ይህ ካልሠራ ጎድኑን በደረቅ ፎጣ ጠንከር አድርገው ይሹት።

ሲተነፍስ ወዲያውኑ እናቱ አፍንጫ ሥር ያስቀምጡት። እናት ልጇን የምትለየው በእንሽርቱ ጣዕምና ሽታ ነው፤ ምላሷም ያደርቀዋል፣ ደሙንም ያዘዋውርለታል። ስለዚህ እርስዎ በፎጣ የሚያግዙት ብርድ ካለ፣ መንታ ከሆነ ወይም እናቲቱ ከደከመች ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ጭንቅላቱንና የጅራቱን ሥር ለእርሷ ይተዉላት። በሳሙናም ሆነ በውሃ አይጠቡት። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ፍየል ደንግጣ ከራቀች የእንሽርቱን ውሃ በጣትዎ ወስደው አፍንጫዋንና ከንፈሯን ይቀቧት።

4. እትብቱን መንከባከብ

እትብቱ በራሱ ይበጠሳል። ከአራት ጣት በላይ ከተንጠለጠለ ከሆዱ 5 ሳንቲሜትር ያህል ርቀው በክር ያስሩትና ከክሩ በታች ይቁረጡት። ከዚያም ሲኒው ውስጥ አዮዲን ጨምረው፣ ሲኒውን ሆዱ ላይ ገጥመው እትብቱን በሙሉ ይንከሩት፤ ከላይ ብቻ በጥጥ ቢያስነኩት ውስጡ አይደርስም። ማታና ጠዋት ለሁለት ቀን ይድገሙት። እርጥብ እትብት ለጀርም ክፍት በር ነው፤ በዚያ የገባው ጀርም በሁለተኛው ሳምንት ጉልበት አሳብጦ ግልገሉን ሲያሽመደምደው ባለቤቱ «ወድቆ ነው» ይላል። እበት፣ አመድ ወይም ቅቤ መቀባት ደግሞ መንጋጋ ቆልፍን ጨምሮ ሌላ ኢንፌክሽን ያመጣል።

5. እንገሩን በመጀመሪያው ሰዓት ማጥባት

የፍየል ግልገል ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታን የሚከላከልለት ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ በማሕፀን ሳለ ከእናቱ አይተላለፍለትምና። ያንን የሚያገኘው ወፍራምና ቢጫማ ከሆነው የመጀመሪያ ወተት፣ ከእንገሩ ነው። አንጀቱ ግን ይህን መከላከያ ሳይፈጭ ወደ ደም የሚያሳልፈው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ ችሎታው ከስድስት ሰዓት በኋላ እየቀነሰ ሄዶ በ24 ሰዓት ይዘጋል። «ነገ ይጠባል» ብለው ያደሩበት ግልገል በማግስቱ ቢጠባም ሆዱ ይሞላል እንጂ መከላከያው አይገባውም። ከዚህም በላይ እንገር በስብ የበለጸገ በመሆኑ ሰውነቱን የሚያሞቅለት የግልገሉ ማገዶ ነው።

መጀመሪያ እጅዎንና የእናቲቱን ግት በለብታ ውሃ አጥበው ያድርቁ። ቀጥሎ ከሁለቱም ጡቶች ሁለት ሁለት ጊዜ አልበው መሬት ላይ ያፍስሱ። ከእያንዳንዱ ጡት ጫፍ ትንሽ፣ ሰም የመሰለ ውታፍ ይወጣል፤ እርሱ እስካልወጣ ድረስ ደካማ ግልገል ቢስብም ምንም አያገኝም።

ይህን እርምጃ አጥብቄ የማሳስበው በራሴ ላይ ስለደረሰብኝ ነው። አንድ የታኅሣሥ ሌሊት ሁለተኛ ወሊዷ የሆነች ፍየል መንታ ወለደችልኝ። ሁለቱም በግራና በቀኝ ግቷ ሥር ቆመው ጅራታቸውን ሲያወዛውዙ አይቼ፣ ጠቡ ብዬ ገብቼ ተኛሁ። ሲነጋ ትልቁ ይዘላል፤ ትንሿ ግን አንገቷን ወደ ጎድኗ አጥፋ ተኝታለች፣ ጣቴን አፏ ውስጥ ባስገባ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ትንሿ ትጠባው የነበረውን የቀኝ ጡት ሳልበው መጀመሪያ የወጣው ያ ውታፍ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሳበችው ደረቅ ጡት ነበር ማለት ነው። እኩለ ቀን ሳይደርስ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ጅራት መወዛወዙን እንደ ማስረጃ አልቀበልም፤ ሆዱን እዳስሳለሁ። የጠባ ግልገል ከጎድኑ በታች ሞላ ያለና ለስለስ ያለ ሆድ አለው፤ ያልጠባው ግን ሁለቱ ጎኖቹ የተጣበቁ ይመስላሉ።

ግልገሉ በ30 ደቂቃ ውስጥ ቆሞ ጡቱን ካላገኘ ያግዙት። እናቲቱን አንድ ሰው ይያዛት፤ እርስዎ ግልገሉን በቆመበት ከሥሯ አስጠግተው አፉን በጣትዎ ከፍተው ጡቱን ያጉርሱት፣ ጥቂት ጠብታም ምላሱ ላይ አልበው ያስቀምሱት። ጭንቅላቱን ከላይ መጫን ወደ ኋላ እንዲታገል ያደርገዋል፤ ይልቁንም የጅራቱን ሥር ቢኮረኩሩለት እናቱ የላሰችው መስሎት ይጠባል።

መጠኑን በተመለከተ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ በድምሩ በኪሎ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ቢያገኝ ጥሩ ነው። ሁለት ኪሎ ለሚመዝን የአገራችን ግልገል ይህ በመጀመሪያ 100 ሚሊ ሊትር፣ በቀኑ ውስጥ ደግሞ 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። እናቲቱ ከሞተች ወይም ግቷ ከታመመ በዚያው ሰሞን ከወለደች ጤናማ ፍየል፣ እርሷም ከሌለች ከላም እንገር ይውሰዱ። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ትርፉን በትንንሽ ጠርሙስ አድርጎ ቢያቀዘቅዝ ለክፉ ቀን ይሆነዋል። ሲያሞቁት ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡ እንጂ እሳት ላይ አይጣዱት፤ በእሳት እንገሩ ይረጋል፣ መከላከያውም ይጠፋል።

6. ሙቀቱን መለካትና የቀዘቀዘውን ማዳን

የጤነኛ ግልገል ሙቀት ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትሩን በቅባት ወይም በምራቅ አርሰው በፊንጢጣው በኩል ሁለት ሳንቲሜትር ያህል በቀስታ ያስገቡትና እስኪጮህ ይጠብቁ። በእጅ ዳስሶ መገመት የሚያሳስተው ጠጉሩ ሞቆ ውስጡ የቀዘቀዘ ግልገል ስለሚኖር ነው። ቴርሞሜትር በሌለበት ጣትዎን አፉ ውስጥ ያስገቡ፤ አፉ ከጣትዎ ከቀዘቀዘ አደጋ ላይ ነው።

ሙቀቱ ከ37 እስከ 38.5 ከሆነና መዋጥ የሚችል ከሆነ ያድርቁት፣ እንገር ይስጡት፣ አጠገቡ ሙቀት ያኑሩለት። ሙቀት ለማኖር ሃይላንዶቹን እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ሞልተው በጨርቅ ጠቅልለው በግራና በቀኙ ያስተኟቸው፤ ሲበርዱም ይቀይሯቸው።

ሙቀቱ ከ37 በታች ከሆነ ግን ወተት በአፉ ለማፍሰስ አይሞክሩ። እንዲህ የቀዘቀዘ ግልገል መዋጥ ስለማይችል ትን ብሎት ወተቱ ሳንባው ይገባል፤ ሆዱ ቢደርስም አይፈጭም። ከተወለደ አምስት ሰዓት ያልሞላው ከሆነ መጀመሪያ ያሙቁት። ለዚህም ከአንገቱ በታች ያለውን ሰውነቱን ትልቁ ፌስታል ውስጥ አስገብተው፣ ጭንቅላቱን በእጅዎ ደግፈው፣ 40 ዲግሪ በሚሆን የገንዳ ውሃ ውስጥ ይያዙት፤ ፌስታሉ እናቱ የምታውቀውን ሽታ እንዳይታጠብ ይጠብቃል። በየ15 ደቂቃው ይለኩትና 38 ሲደርስ አውጥተው እንገሩን ይስጡት። ከአምስት ሰዓት በላይ የቆየ ከሆነ በደሙ ያለው ስኳር አልቋል፤ ስኳር ሳያገኝ ቢሞቅ ተንቀጥቅጦ ሊሞት ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሐኪም ግሉኮስ በመርፌ ይሰጠዋል፤ ሐኪሙ እስኪደርስ ግን ጥቂት ማር ወይም ወፍራም የስኳር ውሃ በጣትዎ ድዱን እየቀቡ ቀስ በቀስ ማሞቅ ይጀምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አያስገቡ። ጭሱ የማይታየው የከሰል ጋዝ ግልገሎቹንም፣ አብሯቸው የሚያድረውንም ሰው ይገድላል።

7. በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት መፈተሽ

በቀን ሦስት ጊዜ፣ በተለይ ጎህ ሲቀድ፣ እያንዳንዱን ግልገል ያስነሡ። ጤነኛው ሲነሣ ይንጠራራል፤ የታመመው ጀርባውን አጉብጦ፣ ጆሮውን ጥሎ ይቆማል። የመጀመሪያው ዓይነ ምድር ጥቁርና ሙጫ የመሰለ ሲሆን በአንድ ቀን ውስጥ ይወጣል፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል። ቢጫው ጅራቱ ሥር ደርቆ ፊንጢጣውን ከደፈነው በለብታ ውሃ አርጥበው ያጽዱት፤ መውጫ ያጣ ግልገል ሆዱ ተነፍቶ ይሞታል። ክብደቱን በየሳምንቱ መዝነው ይመዝግቡ። በቀን ቢያንስ 50 ግራም የማይጨምር ግልገል ወተት እያነሰው ነው፣ አለዚያም ታሟል።

እናቲቱን አይርሷት። እንግዴ ልጁ በአብዛኛው እስከ ስድስት ሰዓት ይወርዳል። 12 ሰዓት ካለፈ ሐኪም ይጥሩ፤ የተንጠለጠለውን ግን አይሳቡት፣ ክብደትም አያንጠልጥሉበት፤ ማሕፀኗን ይዞ ይወጣል። የወረደውን ውሻ እንዳያወጣው አድርገው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት፤ ሽታው ጅብና ውሻን ወደ ጉረኖው ይጠራል።

8. እናት የሌለውን ወይም የተገፋውን ማሳደግ

ከጡጦ በፊት ሌላ እናት ይሞክሩ። የራሷን አንድ ልጅ ብቻ የወለደች ፍየል ካለች እንግዳውን ግልገል በእርሷው እንሽርት ቀብተው አዲስ እንደተወለደ ያቅርቡላት። ከወለደች ቀን ካለፋት ደግሞ ጨው በውሃ አሟሙተው ጀርባውን ይቀቡት፤ ጨዉን ስትልስ ትለምደዋለች። ለጥቂት ቀናት አሳጥረው አስረው ማጥባት ሊያስፈልግዎ ይችላል።

ጡጦ ግድ ከሆነ የቀኑ መጠን ከሰውነቱ ክብደት ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሁን፤ ለሁለት ኪሎ ግልገል ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አምስት ጊዜ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው አራት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ይከፋፍሉት። የፍየል ወተት ከሌለ ያልተቀጠነ የላም ወተት ይበቃል፤ በውሃ ሲያቀጥኑት ሆዱ ይሞላል፣ ሰውነቱ ግን ይራባል። ወተቱ 39 ዲግሪ ያህል፣ በክንድዎ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ሲንጠባጠብ ሞቅ የሚል ይሁን።

ግልገሉ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ላይ ዘርግቶ ይጥባ። በዚህ አቋም ሲጠባ ጉሮሮው ሥር ያለው ቦይ ተዘግቶ ወተቱ ቅጠል የሚብላላበትን ትልቁን ጨጓራ አልፎ በቀጥታ ወተት ወደሚፈጭበት የሆድ ክፍል ይሄዳል። በሳህን አጎንብሶ የሚጠጣ ወይም እንደ ሕፃን ታቅፎ በጀርባው የሚጠባ ግልገል ወተቱ ጨጓራው ውስጥ ገብቶ ይኮመጥጥበታል፣ አለዚያም ትን ይለዋል። የጡጦው ቀዳዳ ወተቱን በራሱ የሚያፈስ አይሁን፤ ሲዘቀዘቅ ቢንጠባጠብ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ጊዜ በኋላ ጡጦውን በሳሙና አጥበው ይቀቅሉት።

9. ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ መኖና ማደሪያ

ግልገል ከአሥረኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ቅጠል ማኘክ ይጀምራል፤ ጨጓራው የሚያድገውም በዚህ ነው። ወተት ብቻ የጠባ ግልገል በሦስት ወሩ ጡት ሲጥል መኖ የሚፈጭበት ሆድ ስለማይኖረው ይከሳል። ለጋ የሰስባንያ፣ የሉኪኒያ ወይም የትሪ ሉሰርን የመኖ ዛፎች ቅጠል አስረው ከአፉ ከፍታ ላይ ያንጠልጥሉለት፤ መሬት ላይ የተጣለውን ፍየል ይንቀዋል፣ በበጠጥም ይበከላል። ትልልቆቹ ማለፍ በማይችሉበት፣ 15 ሳንቲሜትር ያህል በሚሰፋ ክፍተት ግልገሎቹ ብቻ የሚገቡበት ጥግ ሠርተው እዚያ አንድ እፍኝ ፉርሽካና ንጹሕ ውሃ ያስቀምጡ። የአደረውን መኖ በየጠዋቱ ይድፉት።

በመጀመሪያው ወር እናቲቱን ለቤት ፍጆታ አይለቧት፤ መንታ ከሆኑ ደግሞ ከዚያም በላይ ይታገሡ። ማለብ ሲጀምሩ መጀመሪያ ግልገሎቹ ይጥቡ፣ እርስዎ ትርፉን ይውሰዱ።

ማደሪያው መሞቁ ብቻ ሳይሆን መድረቁና አየር ማግኘቱ ወሳኝ ነው። አንድ ቀላል መለኪያ አለ፦ ማለዳ ገብተው ተንበርክከው አፍንጫዎን ግልገሉ በሚተነፍስበት ከፍታ ላይ ያድርጉ። ሽንቱ ዓይንዎን ከቆጠቆጠው የእርሱን ሳንባ እያቆሰለው ነው፤ ጉዝጓዙን ይቀይሩ፣ ከጣሪያው ሥርም የአየር ማስወጫ ይክፈቱ። ነፋስ በግልገሉ ቁመት ግን መግባት የለበትም።

10. ሕመምን በጊዜ መለየት

ተቅማጥ ሲይዘው ዋናው ገዳይ የውሃ እጥረት ነው። ወተቱን አያቋርጡበት፤ በወተት መካከል ኦአርኤስ ይስጡት፣ ከሌለም በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ለክተው አሟሙተው በየጊዜው ያጠጡት። ከሦስት ሳምንት ዕድሜ በኋላ የሚመጣና ደም ወይም ልጋግ ያለበት ተቅማጥ ኮክሲዲያ የተባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ያመጣው ሊሆን ስለሚችል በጠጡን ይዘው ክሊኒክ ይሂዱ።

የዓይኑን ቆብ ገልብጠው ውስጡን ይዩ። ሮዝ መሆን ሲገባው ከነጣ ደም እያነሰው ነው፤ በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ደሙን የሚመጠው ቁንጫና ቅማል ነው። ጉዝጓዙን አውጥተው ያቃጥሉ፣ ለግልገል የሚሆነውንም መድኃኒት ከሐኪም ይጠይቁ። ለእህል ወይም ለቤት የሚረጭ ፀረ ተባይ ግልገል ላይ አይንፉ፤ ሲላስ ይመርዘዋል።

ማሳል፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ከ40.5 በላይ የሆነ ትኩሳት፣ የጉልበት እብጠትና አንድ ሙሉ ቀን ሳይጠቡ መዋል በዚያው ዕለት ሐኪም የሚያስጠሩ ምልክቶች ናቸው። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባት ከሦስት እስከ አራት ወር ዕድሜ ላይ ያስከትቡ፤ ከዚያ በፊት በእንገሩ ያገኘው የእናቱ መከላከያ ክትባቱን ያከሽፈዋል።

11. ጡት ማስጣልና ወንዶቹን መለየት

ግልገሉ ሦስት ወር ሲሞላው፣ ክብደቱም ከልደት ክብደቱ ሦስት እጥፍ ሲያልፍና ቅጠል በደንብ ሲበላ ጡት መጣል ይችላል። በአንድ ሳምንት ውስጥ መጀመሪያ ሌሊቱን፣ ቀጥሎ ቀኑን ይለዩት፤ የለመደውን ቦታና መኖ ሳይቀይሩ እናቲቱን ወደ ሌላ ጋጣ ቢወስዷት ጭንቀቱ ይቀንሳል። ወንድ ግልገል ከሦስት እስከ አራት ወሩ ሊያስረግዝ ስለሚችል ከእህቶቹና ከእናቱ ይለዩት። ለሙክት የሚፈልጉትን በዚሁ ዕድሜ አካባቢ በሐኪም ያስኮላሹት።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙኝ ስህተቶች

እንገሩን «ከባድ ነው፣ ሆዱን ይነፋዋል» ብሎ አልቦ መድፋት ወይም ለልጆች ማብላት ከሁሉ የከፋው ነው። በእርሱ ምትክ ቅቤ ማዋጥም ግልገሉን አያጠግበውም፤ ትን ቢለው ግን ሳንባው ይገባል።

ጡጦ የሚጠባ ግልገል ስለጮኸ ብቻ ተጨማሪ ወተት መስጠት ሌላው ነው። በአንድ ጊዜ የበዛ ወተት ተቅማጥና የሆድ መነፋት ያመጣል፤ በደብተርዎ ላይ ከጻፉት መጠን አይለፉ።

ሊጥ፣ የእህል ዱቄት ወይም የተረፈ እንጀራ «ይወፍርልኛል» ብሎ መስጠት ያልጠነከረውን ጨጓራ ያኮመጥጠዋል። ፉርሽካውም ቢሆን በእፍኝ ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨመር ነው።

ለሰው የታዘዘ የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቶ ለተቅማጥ ማጠጣትም እየተለመደ መጥቷል። ምክንያቱ ኮክሲዲያ ወይም የወተት መብዛት ከሆነ እንክብሉ አይፈውሰውም፤ በጨጓራው የሚለመልሙትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ግን ይገድላል። ማንኛውም መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት የግልገሉ ዕድሜ፣ ክብደት፣ ሙቀትና የመጨረሻ ጊዜ የጠባበት ሰዓት ተጽፎ ለሐኪሙ ይነገረው፤ ስልክ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ እነዚህን አራቱን ነው።